ከወሊድ በኋላ የሚሰጥ የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒ፦ የአንድ ክሊኒክ አገልግሎት ሲመዘን

አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ለወለዱ እናቶች የሚሰጠውን የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒ (ከዳሌ ሥር ያሉትን ጡንቻዎች በልምምድ የሚያጠነክር ሕክምና) የተጠቀምኩበት ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ከሁለት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ሲያስነጥሰኝ፣ ስስቅ ወይም ልጄን ብድግ ሳደርግ ሽንት ያመልጠኝ ነበር፤ ወገቤንም ያመኝ ነበር። ሕክምናው ራሱ ገንዘብም ጊዜም ሊወጣበት የሚገባ ነው፤ የሚሰጥበት ሁኔታ ግን መታረም ያለባቸው ነገሮች አሉት።

በእኛ አገር አራስ ትከበራለች፤ ገንፎው፣ አጥሚቱና ጠያቂው አይጓደልባትም፤ ወገቧንም በመቀነት ጠበቅ አድርጋ እንድትታጠቅ ትመከራለች። ክርስትናው በ40 ወይም በ80 ቀን ከተነሣ በኋላ ግን ሁሉም ስለ ልጁ ክትባትና ክብደት ሲጠይቅ፣ ስለ እናቲቱ ሰውነት የሚጠይቅ ይጠፋል። የጤና ተቋማት ክትትልም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው የድህረ ወሊድ መመሪያ እንኳ የሚያተኩረው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተፈቀደው የ90 ቀን የድህረ ወሊድ ፈቃድ ሲያልቅ ደግሞ እናቲቱ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ሽንት አመለጠኝ፣ ወገቤን አመመኝ ብትል የምትሰማው መልስ «ብርድ ገብቶብሽ ነው» ወይም «ወልደሽ የለ እንዴ» የሚል ነው። ይህ መልስ ብዙ ሴቶችን ሊታከም ከሚችል ችግር ጋር ለዓመታት እንዳኖራቸው አምናለሁ፤ የዚህ ዓይነት አገልግሎት ዋጋም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አብዛኛው ጊዜ የሄደው በጥያቄ ነበር። ባለሙያዋ ምጡ ምን ያህል እንደቆየ፣ ስፌት እንደነበረኝ፣ ሕፃናቱ ሲወለዱ ስንት ኪሎ እንደነበሩ፣ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ እንደምነሣ፣ ሆድ ድርቀት እንዳለብኝ፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም ይሰማኝ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። እነዚህን ጥያቄዎች ከዚያ በፊት አንድም ሐኪም አሟልቶ ጠይቆኝ አያውቅም። ከዚያ በጀርባዬ አስተኝተው ጉልበቴን አሳጥፈው ጭንቅላቴን በትንሹ ቀና እንዳደርግ አዘዙኝ፤ ጣቶቻቸውንም ከእምብርቴ በላይና በታች አሳርፈው በእርግዝና ጊዜ ግራና ቀኝ የተለያዩት የሆድ ጡንቻዎች ምን ያህል እንደተራራቁ ለኩ። ቀጥሎ፣ ምን እንደሚያደርጉና ለምን እንደሚያደርጉት አስረድተው፣ ፈቃዴንም ጠይቀው፣ ጓንት በለበሰ ጣት ከዳሌ ሥር ተዘርግተው የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ደግፈው የሚይዙትን ጡንቻዎች ጥንካሬ መረመሩ። በማንኛውም ሰዓት «ይብቃ» ማለት እንደምችል ደጋግመው ነገሩኝ። እንዲህ ባለ ምርመራ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከምርመራው የተማርኩት ዋናው ነገር፣ እንደ ብዙ እናቶች፣ ጡንቻውን «ሳቢ» ስባል ትንፋሼን ይዤ ወደ ታች እገፋ እንደነበር ነው። እንዲህ ሲደረግ ልምምዱ የደከመውን ጡንቻ ይበልጥ ይጫነዋል እንጂ አያጠነክረውም። ልምምዱን ከኢንተርኔት ቪዲዮ ብቻ ለመማር ለሚያስቡ እናቶች ይህን አበክሬ እነግራለሁ፤ ጡንቻው በትክክል ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳቡን ቪዲዮ አይቶ ሊነግራችሁ አይችልም።

ልምምዱ ራሱ ቀላል ነው። ሽንትንና ጋዝን እንደሚከለክሉ ያህል ወደ ላይ መሳብ፣ ለጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው፤ መልቀቁ የመሳቡን ያህል አስፈላጊ መሆኑን ባለሙያዋ አጥብቀው አስረዱኝ። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል ይህን ልምምድ እ.ኤ.አ. በ1948 ካስተዋወቁ ወዲህ ብዙ ጥናት ተደርጎበታል፤ ዛሬ የሚመከረው በአንድ ጊዜ ቢያንስ 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ነው። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ልምምዱን ከቤት ሥራ ጋር ያያያዙበት መንገድ ነው። ክፍሉ ውስጥ ውኃ የተሞላ ጀሪካን አለ፤ እሱን እንዳነሣ እያደረጉ «አስጠጊው፤ መጀመሪያ ሳብ አድርጊ፤ አሁን ትንፋሽሽን እያስወጣሽ አንሺ» ይሉኝ ነበር። ልጅን ከአንቀልባ ማውረድም፣ ከወለል ማንሣትም በዚሁ መንገድ ተለማመድነው። ከሦስተኛው ወር በኋላ ሲያስነጥሰኝና ልጄን ሳነሣ የነበረው ችግር ቀረልኝ፤ የወገቤም ሕመም በጣም ቀነሰ። ስሮጥ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ያመልጠኛል፤ የሆዴ ጡንቻዎች ክፍተትም ጠበበ እንጂ ፈጽሞ አልተዘጋም።

ወደ ጉድለቶቹ ስመጣ፣ የመጀመሪያውና የከበደኝ የምርመራው ቦታ ነው። አልጋው ከሌላው ታካሚ የሚለየው በመጋረጃ ብቻ ስለሆነ አጠገቤ የጉልበት ሕክምና የሚከታተሉ ሰዎች የሚነጋገሩት በግልጽ ይሰማኝ ነበር፤ እኔም ስለ ሽንትና ስለ ግንኙነት የምመልሰው እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነበር። ለዚህ አገልግሎት በር ያለው ክፍል የግድ ነው። ሁለተኛው፣ ቤት ወስጄ የምለማመድበት ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ መሆኑ ነው፤ አብራኝ ተራ ትጠብቅ የነበረች እናት ወረቀቱን እኔ እንዳነብላት ጠይቃኛለች። የሙሉው ሕክምና ክፍያ በቅድሚያ መጠየቁም ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑትን ከመጀመሪያው ያስቀራል። ከዚህ ሌላ፣ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ለእያንዳንዷ እናት የሆድ መታጠቂያ ለመሸጥ ትሞክራለች። መታጠቂያው በተለይ በኦፕራሲዮን ለወለደች ሴት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድጋፍና እፎይታ ይሰጣል፤ ጡንቻን ግን አያጠነክርም፤ እጅግ ከጠበቀ ደግሞ ግፊቱን ወደ ታች ያወርዳል። ከወለድኩ ከሁለት ዓመት በኋላ ለእኔ እንደማያስፈልገኝ የነገሩኝ ራሳቸው ባለሙያዋ ናቸው፤ ክሊኒኩ ለሙያቸው ምክር ቅድሚያ መስጠት ነበረበት።

አገልግሎቱ ለሁሉም ችግር መልስ አይደለም። ሽንት ወይም ሰገራ ያለ ማቋረጥ የሚፈሳት እናት የሚያስፈልጋት ልምምድ ሳይሆን የፌስቱላ (ብልትን ከሽንት ፊኛ ወይም ከፊንጢጣ ጋር የሚያገናኝ ቀዳዳ) ምርመራ ነው፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የሃምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል፣ እንዲሁም በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ያሉት ማዕከላቱ ያለ ክፍያ ያክማሉ። ከብልቷ የሚወርድ ወይም የሚከብድ ነገር የሚሰማት ደግሞ ማህፀን መውረዱን በማህፀን ሐኪም ማረጋገጥ ይኖርባታል፤ ቀላል ከሆነ በልምምድ ይሻላል፤ ከባድ ከሆነ ግን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ሁልጊዜ የሚደክማትና የምትገረጣ እናት የደም ማነስ ምርመራ ታድርግ፤ ሐዘኑና ጭንቀቱ አልለቅ ያላትም ዓመት አልፎታል ብላ ሳትተወው ለሐኪም ትንገር።

በስልክ ቀጠሮ ስትይዙ የምትመረምራችሁ ሴት ባለሙያ መሆኗን፣ በዳሌ ወለል ሕክምና መሠልጠኗን፣ በር ያለው ክፍል መኖሩንና ክፍያው በየቀጠሮው ሊከፈል መቻሉን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከወሊድ በኋላ ያለፈው ጊዜ ስድስት ወርም ሆነ ስድስት ዓመት፣ ዘግይቻለሁ ብላችሁ አትቅሩ፤ ተራ ስጠብቅ ካገኘኋቸው እናቶች አንዷ የመጨረሻ ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ነበር የምትመጣው፤ እሷም ለውጡን እያየችው ነበር።