ጨርቅና ወረቀት ለሚሠራ እጅ፦ የቱ መቀስ፣ የቱ ኮላ፣ የቱ ወረቀት? (ንጽጽር)

የእጅ ሥራ ለመጀመር ያሰበን ሰው ቀድሞ የሚጠራው ሁሉንም በአንድ ሣጥን የያዘው ስብስብ ነው። መቀሱ፣ ኮላው፣ ባለቀለሙ ወረቀት፣ ክሩና ዶቃው ተደርድሮ ሲታይ ዓይን ይማርካል፤ ዋጋውም እያንዳንዱን ለየብቻ ከመግዛት የረከሰ ይመስላል። ነገር ግን የሣጥኑን አብዛኛውን ቦታ የሚይዘው ጌጡ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው መሣሪያ የተመረጠው በርካሽነቱ ነው። የማይቆርጥ መቀስ ጀማሪን ያስመርራል። ጥፋቱ የመሣሪያው ሆኖ ሳለ ሰውየው «እኔ እጅ የለኝም» ብሎ ሥራውን ይተዋል። ሣጥኑ ልጆችን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ለማጫወት ይበቃል፤ ከዚያ ላለፈ ሥራ ግን ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መርጦ መግዛት ይሻላል።

ለመምረጥ ደግሞ የሚበጀው ጥያቄ «የትኛው ጥሩ ነው?» የሚለው አይደለም። የሚሠራው ነገር ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ምን ይገጥመዋል? ይታጠባል ወይስ አይታጠብም? በየቀኑ ይከፈታል፣ ይታጠፋል? መስኮት አጠገብ ተሰቅሎ ፀሐይ ይመታዋል? ወይስ ለአንድ ቀን ግብዣ አገልግሎ ይጣላል? ከዚህ በታች ያለው ፍርድ ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሁለት መቀስ፣ ሁለት ሥራ

ለጨርቅም ለወረቀትም የሚሆን አንድ መቀስ ልግዛ ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው፦ አይሆንም። ብዙው ወረቀት ነጭና ለስላሳ እንዲሆን ካኦሊን የሚባል ነጭ ሸክላ ወይም ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርበታል። እነዚህ የማዕድን ብናኞች በእያንዳንዱ ቁርጥ የመቀሱን ስለት ያዶለዱሙታል። የዶለዶመው መቀስ ወረቀትን አሁንም ይቆርጣል፤ ስለዚህ ጉዳቱ ወዲያው አይታወቅም። ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ግን ጨርቁ በሁለቱ ስለቶች መካከል ታጥፎ ይገባና ይታኘካል እንጂ አይቆረጥም።

የሁለቱ ቅርጽም ለየቅል ነው። የጨርቅ መቀስ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሲሆን እጀታው ወደ ላይ የጎበጠ ነው። ይህም የታችኛው ስለት ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ እንዲሄድና ጨርቁ ከቦታው እንዳይነሳ ያደርጋል። የወረቀት መቀስ አጠር ያለ፣ እጀታው ቀጥ ያለ፣ ጫፉም ሹል ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ በሌላው እጅ ተይዞ ስለሚዞር መሬት ለመሬት መሄድ አያስፈልገውም። ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ ጥሩውን ለጨርቅ፣ መናኛውን ለወረቀት ያድርጉት።

ሲገዙ ቁራጭ የጥጥ ጨርቅ ይዘው ይሂዱ። ጨርቁን በሁለት አጥፈው በስለቱ መሐል ሳይሆን በጫፉ ብቻ ይቁረጡት። መጥፎ መቀስ እስከ ጫፉ ድረስ ጥሩ መስሎ ይቆይና የመጨረሻዋ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ላይ ጨርቁን ይጎትታል። ቀጥሎ መገጣጠሚያውን ይመልከቱ፦ በብሎን የተያያዘ መቀስ ሲላላ ይጠብቃል፣ ሲዶለዱምም ተፈትቶ ይሳላል፤ በሪቬት (በማይፈታ የብረት ምስማር) የተመታው ግን ከላላ ላለ ነው።

ግራኝ ለሆነ ሰው «ለሁለቱም እጅ የሚሆን» የሚል ጽሑፍ አያታልለው። በእንዲህ ዓይነቱ መቀስ ላይ የተስተካከለው እጀታው ብቻ ነው። ቀኝ እጅ መቀስ ሲጨብጥ ሳያውቀው ስለቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ያው መቀስ በግራ እጅ ሲያዝ ግን ጭብጡ ስለቶቹን ያራርቃቸዋል፣ የላይኛው ስለትም የሚቆረጠውን መስመር ይጋርዳል። እውነተኛው የግራኝ መቀስ የስለቶቹ አቀማመጥ ራሱ የተገላበጠ ነው።

መቀሱ ከተገዛ በኋላ እጀታው ላይ ቁራጭ ጨርቅ ማሰር የቆየ የሰፊዎች ዘዴ ነው፤ «የጨርቅ ብቻ» ማለት ነው። ቤት ውስጥ ካርቶን የሚከፍትበት መሣሪያ የሚፈልግ ሰው ግን ምልክት ያያል ብሎ መተማመን ስለማይቻል መሳቢያ ውስጥ መቆለፉ የበለጠ አስተማማኝ ነው።

መቀስ ወይስ ምላጭ?

ኦልፋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ መሥራች ጫፉ እየተሰበረ አዲስ ስለት የሚወጣውን ካተር እ.ኤ.አ. በ1956 የሠራው፣ በየመስመሩ ከሚሰበረው የቸኮላት ጡብ ሐሳቡን ወስዶ ነው ይባላል። ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ለጨርቅ የሚሆን፣ ክብ ምላጩ እየተንከባለለ የሚቆርጥ መሣሪያ አወጣ። ዛሬ ሁለቱም በብዙ ኩባንያዎች ይሠራሉ።

ተንከባላዩ ምላጭ ከመቀስ የሚበልጠው ቀጥ ባለ መስመር ነው። ብዙ እኩል ቁራጮችን ገጣጥሞ ብርድ ልብስ ወይም የትራስ ልብስ ለሚሰፋ ሰው ልዩነቱ የጎላ ነው፤ ጨርቁ ከጠረጴዛው ሳይነሳ ስለሚቆረጥ ቁራጮቹ እኩል ይወጣሉ፣ ስፌቱም ጥግ ለጥግ ይገጥማል። ከመጠኖቹ 45 ሚሊ ሜትሩ ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል፤ 28ቱ ለጠመዝማዛ መስመር፣ 60ው ለተደራረበ ጨርቅ ነው። ይሁን እንጂ ዋጋው የሚታሰበው በምላጩ ብቻ አይደለም። የመቁረጫ ምንጣፍና ወፈር ያለ ማስመሪያ አብረው ካልተገዙ ጠረጴዛውም ምላጩም ይበላሻሉ። ምንጣፉ ሙቀት ይጠላል፤ ፀሐይ ላይ ከተተወ ወይም ትኩስ ካውያ ከተቀመጠበት ይጣመማል፣ ከተጣመመ በኋላም ወደ ነበረበት መመለሱ ያጠራጥራል። አሻንጉሊት፣ አበባና ልዩ ልዩ ቅርጽ ለሚቆርጥ ሰው ይህ ሁሉ ወጪ አላስፈላጊ ነው፤ መቀሱ ይበቃዋል። ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ምላጩ እጅ በለቀቀ ቁጥር መሸፈን አለበት።

ለወረቀት 9 ሚሊ ሜትሩ ካተር ለጥቃቅን ቅርጽ፣ 18ቱ ለካርቶን ይሁን። የብረት ማስመሪያ ግድ ነው፤ ፕላስቲኩን ምላጩ እየላጠው መስመሩን ያጣምመዋል። ምላጩ መጎተት እንደጀመረ ጫፉን ለመስበር አይሳሱ፤ ከተቀደደው ወረቀት ይረክሳል።

ኮላ ወይስ ክር?

የሚታጠብ ነገር ይሰፋል። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ለድርድር ክፍት ነው።

የጨርቅ ኮላ አምራቾች ምርታቸው እጥበት እንደሚችል ይጽፋሉ፤ አንዳንዱ እውነትም ይችላል። ግን ኮላው የገባበት ቦታ ይደነድናል፣ ጨርቁም እንደ ልቡ አይወድቅም፤ በኋላ ስህተት ቢገኝ ደግሞ ስፌት ይተረተራል፣ ኮላ ግን አይተረተርም። ኮላው የሚመቸው ስፌት እስኪደርስ ጠርዝ ይዞ ለማቆየት ወይም ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ጌጥ ነው። በካውያ ሙቀት ቀልጦ ሁለት ጨርቅ የሚያጣብቀው ስስ መረብ ከፈሳሹ የተሻለ አማራጭ ነው፤ እኩል ይይዛል፣ አይንጠባጠብም። በእሱ ላይ ዙሪያውን መስፋት ሲታከልበት በጨርቅ ላይ ጨርቅ ለሚለጥፍ ሰው የሚስተካከለው የለም።

ወረቀት ላይ ውድድሩ በሦስት መካከል ነው። ተሽከርክሮ የሚወጣው ደረቅ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1969 ከጀርመኑ ሄንክል ኩባንያ ሲወጣ ሐሳቡ የተወሰደው ከከንፈር ቀለም ነበር። እርጥበቱ ጥቂት ስለሆነ ስስ ወረቀትን አያጨማድድም፤ ለልጆችም አያሰጋም። ድክመቱ ዕድሜው ነው፦ ወፍራም ወረቀት ከጊዜ በኋላ ከጠርዙ ይነሳበታል። ነጩ ኮላ በተቃራኒው ጠንካራ ነው፤ ሲደርቅም ቀለም የለሽ ይሆናል። ነገር ግን ውኃ ስላለው ወረቀቱን ያሳብጠዋል። መፍትሔው በሰፊ ብሩሽ ስስ አድርጎ መቀባትና እስኪደርቅ ከባድ መጽሐፍ መጫን ነው። ካርቶን በአንድ ወገን ብቻ ወረቀት ከተለጠፈበት ወረቀቱ ሲደርቅ እየጠበበ ካርቶኑን ያጎብጠዋል፤ በሌላውም ወገን ሲለጠፍበት ይቃናል። የማስታወሻ ደብተር ሽፋን ሠርተው ሽፋኑ ለምን አልተኛ እንዳለ የሚገረሙ ሰዎች ችግራቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሦስተኛው ባለሁለት ወገን ማጣበቂያ ፕላስተር ነው። ለሰላምታ ካርድ ከእሱ የጸዳ የለም፤ አንዴ ካረፈ ግን ማንሳትና ማስተካከል የለም።

ኮላ የሚያቀልጠው ሽጉጥ መሰል መሣሪያ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛውና፣ በእኔ ግምት፣ ያለ ቦታው በብዛት የሚውለው ነው። በደቂቃ ውስጥ ይይዛል፤ ዶቃ፣ እንጨት፣ ሪባንና ደረቅ አበባ ለማያያዝ ግሩም ነው። ግን በሙቀት የቀለጠ ነገር በሙቀት ይላቀቃል፦ ካውያ ሲያልፍበት፣ ፀሐይ ያገኘው መኪና ውስጥ ሲቀመጥ። ስስ ወረቀት ላይ ጉብታ ይሠራል፣ ልብስ ላይ ደግሞ ይቆረቁራል። ከፍተኛ ሙቀት ያለው ሽጉጥ 190 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ስለሚደርስ ቆዳ ላይ ከተጣበቀ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ለጀማሪ 120 ገደማ የሚሠራው ዝቅተኛው ይሻላል። የኮላው ዘንግ 7 እና 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ አንዱ በሌላው ሽጉጥ አይሠራም፣ ሲገዙ ይመልከቱ።

ደብተር ለሚሠራም ሰው ክር ከኮላ ይበልጣል። ጀርባው በኮላ ብቻ የተያዘ ደብተር ተዘርግቶ አይቆምም፤ ወረቀቱም አንድ በአንድ ይወልቃል። ታጥፎ በወስፌ የተበሳና በሰም በተቀባ የተልባ እግር ክር የተሰፋው ጠረጴዛ ላይ ይተኛል።

ወረቀቱ

በጥቅሉ ላይ የሚጻፈው የግራም ቁጥር የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። 16 የኤ4 ወረቀት አንድ ካሬ ሜትር ስለሚሞላ፣ ባለ 80 ግራሙ አንድ ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል። ለማጣጠፍ ሥራ ከ70 እስከ 90፣ ለካርድ ከ200 እስከ 300 ያለው ይመቻል። ወፍራሙ ዝም ብሎ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ መታጠፊያው ላይ ማስመሪያ አስደግፎ በዶልዱም ጫፍ ጫን ብሎ ማስመር ያስፈልጋል።

ከግራሙ ይልቅ ብዙ ገዢ የማያየው የቃጫው አቅጣጫ ነው። ወረቀቱን ሳያጥፉ በቁመቱ፣ ከዚያም በወርዱ ቀስ ብለው ጎበጥ ያድርጉት፤ ብዙም ሳይታገል የጎበጠው አቅጣጫ እጥፋቱ የሚሄድበት ነው። በተቃራኒው ከታጠፈ ውድ ካርድ ሳይቀር ጠርዙ ይሻክራል። ባለቀለም ወረቀት ሲሆን ጥጉን ጥቂት ይቅደዱት፦ ውስጡ ነጭ ከሆነ ቀለሙ ላይ ላዩን የታተመ ነው፣ በእያንዳንዱ እጥፋት ነጭ መስመር ይወጣል። ለዓመታት ለሚቀመጥ የፎቶ አልበም ከአሲድ ነጻ የሆነውን ይምረጡ፤ ለግብዣ ጌጥ ግን ይህ ወጪ ብክነት ነው።

ጨርቁና መርፌው

ጥጥ ወይስ ፖሊስተር? ለእጅ ስፌት ጥጥ። መርፌ በቀላሉ ያልፈዋል፣ በካውያ ይተኛል፣ እጥፋቱን ይይዛል። ከመቆረጡ በፊት ግን ይታጠብ፤ ያለበለዚያ ከተሰፋ በኋላ ተሰብስቦ ስፌቱን ያኮማትረዋል። ፖሊስተር አይጨማደድም፣ ግን ያንሸራትታል፤ ለጋለ ካውያም አይሆንም። ሻጩ «ጥጥ ነው» ያለውን ለማረጋገጥ አንድ ክር መዝዞ በጥንቃቄ ማቃጠል ነው፤ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል።

ለጀማሪ ከሁለቱም የሚቀለው ፌልት ነው። ቃጫው ተጣብቆ የተሠራ እንጂ የተሸመነ አይደለም፤ ድርና ማግ ስለሌለው ጠርዙ አይመዘዝም፣ መቀምቀምም አይፈልግም። ከሱፍ የተሠራው ዋጋው ይወደዳል ግን ዕድሜ አለው፣ በሙቅ ውኃ ግን ይኮማተራል። ከአክሪሊክ የተሠራው ርካሽ ነው፤ እየዋለ ላዩ ላይ ትናንሽ የቃጫ ድብልብሎች ያወጣል። ልጅ ይዞት ለሚያድር አሻንጉሊት ሱፉን፣ ለልምምድ ሌላውን።

መርፌ ሲገዙ ቁጥሩን አይመኑ፣ መጀመሪያ ዓይነቱን ይለዩ። በእጅ መርፌ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፤ 10 ቁጥር ከ5 ይቀጥናል። በልብስ ስፌት መኪና መርፌ ተቃራኒው ነው፦ 70 ለስስ ጨርቅ፣ 80 እና 90 ለመደበኛ ጥጥ፣ 100 ለጂንስ። የልብስ ስፌት መኪናው ራሱ ግን አሁን አይገዛ፤ በእጅ ሦስት አራት ነገር ሰፍቶ የጨረሰ ሰው ምን ዓይነት መኪና እንደሚፈልግ ለሻጩ መናገር ይችላል።