ለካሚን መስታወት ሠሪው ወንድማችን ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

እጅህን ቁርጥማት አይንካው ወንድማችን! ስቶክሆልምና ዙሪያዋ የምትኖሩ፣ ቤታችሁ ካሚን (በሩ መስታወት የሆነ የእንጨት ማንደጃ ምድጃ) ያላችሁ ወገኖች፣ የበሩ መስታወት ተሰንጥቆባችሁ ወይም በየማታው እየጠቆረ አስቸግሯችሁ ከሆነ የምንጠቁማችሁ ሰው አለ። የሀገራችን ልጅ ነው። ሶታሬው የጭስ ማውጫውን ይጠርግላችኋል፤ የመስታወቱና የማሸጊያው (የጠርዙን ክፍተት የሚደፍነው ገመድ) ነገር ግን የባለቤቱ ዕዳ ነው።

ብዙ ሰው «እሳቱ ሰነጠቀው» ይላል። የካሚን መስታወት ግን የመስኮት መስታወት አይደለም፤ ሮባክስን የመሰለ ሴራሚክ መስታወት ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቢግልም አይለጠጥም ማለት ይቻላል። የሚለጠጠው ብረቱ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር የበር ብረት ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ሲበርድ ይመለሳል። መስታወቱ በብሎን ተጨምቆ ከታሰረ መንሸራተቻ ያጣል፤ ያኔ ከጥጉ ጀምሮ ይሰነጠቃል።

የዚህ ልጅ ሙያ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መስታወቱን ከማቀፊያው በቁመትም በወርድም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አሳንሶ ያስቆርጣል። የዛገ ብሎን አይታገልም፤ ዘይት አጠጥቶ ያሳድረዋል። ማቀፊያውን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ በጣቱ ይዳብሰዋል፤ አንዲት የዝገት ቅንጣት ከመስታወቱ ሥር ከቀረች ግፊቱ ሁሉ እሷ ላይ ያርፋልና። ከዚያ በጠርዙ ዙሪያ ስስ ማሸጊያ ይለጥፋል፣ ብሎኖቹን የመዳብ ቅባት ይቀባል፣ በጣቱ ብቻ ያስገባቸዋል። በካቻቢቴ የሚጨምረው ሩብ ዙር ነው፤ ያውም በሰያፍ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያለ።

የበሩን የማሸጊያ ገመድ ደግሞ በልኩ ይመርጣል፤ 8፣ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ወፍራም ከሆነ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ሰው እጀታውን በጉልበት ሲገፋ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ከቀጠነ አየር ባልታሰበበት ይገባል፤ ከላይ ወደ ታች እየወረደ መስታወቱን የሚያጥበው የአየር መጋረጃ ይበላሻል፣ ጥላሸትም ይለጠፋል። ገመዱን ሲያስገባ አይስበውም፤ የተሳበ ገመድ ይቀጥናል። ሲጨርስ በአራቱም ጎን ወረቀት አስገብቶ በሩን ይዘጋና ይስባል። ወረቀቱ በቀላሉ ከወጣ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ደንበኛ በርካሽ ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ ተራ) መስታወት ይግባልኝ ቢለው እምቢ ይላል፤ ልክ ነው። እንዲህ ያለው መስታወት በካሚን ሙቀት ጥንካሬውን ያጣል፣ ድንገትም ሊበታተን ይችላል። ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት ሲነድበት ኖሮ እንደ ወተት የነጣውን መስታወትም «ይህ አይለቅም» ብሎ በግልጽ ይናገራል እንጂ የማጽጃ ብር አይቀበልም።

ከእሱ በኋላ የእናንተ ድርሻ ይቀጥላል። እንጨቱ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ይሁን፤ ስትለኩ አዲስ ፈልጣችሁ ውስጡን ለኩ። ፍልጡን ከመስታወቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁ። እሳቱ በደንብ ሳይያያዝ የአየር ማስገቢያውን አትዝጉ፤ የጥላሸቱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው። መስታወቱን ፍጹም ሲበርድ፣ ረጠብ ያለ ጋዜጣ አመድ አስነክታችሁ ጥረጉት። የብረት መፈግፈጊያ አታስጠጉት። የሚረጭ ማጽጃ ከተጠቀማችሁ ጨርቁ ላይ እርጩ፤ መስታወቱ ላይ ከረጫችሁት ወርዶ ማሸጊያውን ይበላዋል።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ አልጻፍንም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። ስትደውሉ የካሚኑን ሞዴልና የመስታወቱን ልክ በሚሊ ሜትር ያዙ። መስታወቱ ጎባጣ ከሆነ ስብርባሪውን አትጣሉ፣ ቅርጹን ከእሱ ይወስዳል። እስኪመጣ ድረስ ግን በተሰነጠቀ መስታወት እሳት አታንድዱ።