ፊት ለፊት መናገር ወይስ በጽሑፍ ማመልከት?

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የገባ ወጣት ነባር ባልደረባው እየሰደበ ሲያሸማቅቀው ሁለት መንገድ አለው።

ፊት ለፊት መናገር ይፈጥናል። ሰውዬው ብቻውን ሲሆን፣ በሻይ ሰዓት፣ በአንቱታ፦ «ጋሼ፣ ሰው ፊት ‹ደደብ› ሲሉኝ እጄ ይያዛል፤ ስሳሳት ለብቻዬ ይንገሩኝ።» ዛቻ ወይም ግፊያ ካለ ግን ይህ አይሞከር።

ማመልከቻ ይዘገያል፤ ማስረጃው ግን ይቀራል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል እንዳለ፣ የሰማውን ሰው ስም በዕለቱ መመዝገብ ነው። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው «ሁልጊዜ ይሰድበኛል» ብቻ ስለሚል ነው። ሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ለሰው ሀብት ክፍል ይሰጣል፤ በሌላው ላይ የተቀባዩ ፊርማና ቀን ይሰፍራል። ያለ ፊርማ «አልደረሰንም» ይመጣል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። ያኔ ሠራተኛ ማሰናበት ስለሚቀል፣ ቀለል ላለ ነገር በንግግሩ ቢጀመር ይሻላል፤ ማስታወሻው ግን ከመጀመሪያው ስድብ ጀምሮ ይያዝ።