የነዳጅ ግፊት ጌጄ ከወራት በኋላ

መኪናዬ ቀስ ብዬ ስነዳት ምንም አይላትም። የመኪና እሽቅድምድም ትራክ ላይ ጠንከር አድርጌ ስይዛት ግን ረዘም ካለ ኩርባ ስትወጣ ለቅጽበት ጉልበቷ ይጠፋል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትፈተለካለች። እንዲህ ያለ ብልሽት ጋራዥ ውስጥ ቆማ አይገኝም። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ ግፊት ጌጅ (መለኪያ) ገጠምኩላት።

ሴንሰሩ ኢንጀክተሮቹ (ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጩት) ነዳጅ የሚቀበሉበት መስመር ላይ ይታሰራል። ማሳያው ዳሽቦርድ ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ሽቦ ብቻ ነው። ቤንዚን የያዘ ቱቦ ጋቢና ውስጥ የሚያስገባ ጌጅ በነጻ ቢሰጡኝም አልገጥምም።

ከሁሉ የወደድኩት ንባቡን ከሞተሩ ዙር ጋር አሰልፎ ስልክ ላይ መመዝገቡን ነው። ዝቅተኛውን ቁጥር ብቻ ይዞ የሚያሳይ ጌጅ ብዙም አይረዳም። ግፊቱ ስንት ደረሰ ከሚለው ይልቅ መቼ ወረደ የሚለው ይበልጣል።

የእኔ መኪና ትርፍ ነዳጅ ወደ ታንክ የሚመልስ መስመርና በሞተሩ ቫኪዩም (የአየር መሳብ ኃይል) የሚሠራ ሬጉሌተር፣ ማለትም የግፊት መቆጣጠሪያ፣ አላት። ቆማ ስትሠራ 2.5 ባር አካባቢ ታሳያለች፣ ነዳጅ ሙሉ ሲሰጣት ወደ 3 ባር ትወጣለች። ፓምፑ ደክሞ ወይም ፊልትሮው ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ቀጥ ባለው መንገድ ላይም ዙሩ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ እየወረደ ይሄድ ነበር። ለፓምፑ የሚደርሰው ቮልቴጅ ሲያንስም መልኩ ያው ነው። ስለዚህ ፓምፕ ከመግዛት በፊት ሞተሩ እየሠራ ፓምፑ ሶኬት ላይ መለካት ነው፤ የዛገ የማሳ (ኔጌቲቭ) ሽቦ ብዙ ጤነኛ ፓምፕ አስጥሏል።

የእኔ መዝገብ ሌላ ነገር ነው ያሳየኝ። ቀጥታው ላይ ግፊቱ ንቅንቅ አይልም። የሚወርደው ታንኩ ሲጎድል፣ ያውም ወደ ግራ በሚታጠፍ ረጅም ኩርባ ብቻ ነው። ነዳጁ ወደ ቀኝ ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። ታንኩን ስሞላው ጠፋ። «ፓምፑ ይቀየር» ያለኝ መካኒክ ነበር፤ ብሰማው አዲሱም ፓምፕ እዚያው ኩርባ ላይ አየር ይስብ ነበር። ዋናው መፍትሔ ታንኩ ውስጥ መከለያ ማስገባት ወይም ትንሽ መጠባበቂያ ታንክ መጨመር ነው። እኔ ለጊዜው ከግማሽ በታች ይዤ ትራክ አልገባም። አንዳንዱ «ለሰከንድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ ነዳጅ ሲያንሰው ግን ማንኳኳት (ነዳጁ ያለ ሥርዓት መፈንዳት) ይጀምራል፣ ፒስተን እስከ ማቅለጥም ሊደርስ ይችላል።

ጉድለትም አለው። ማሳያው ቁጥሩን ስለሚያለዝበው አጭር ውድቀት አይታይበትም፤ መዝገቡን መክፈት ግድ ነው። ኩርባ ውስጥ ሆኖ ጌጅ የሚያይ ሹፌርም መኖር የለበትም። ማታ ደግሞ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ያም ሆኖ ኮፈን ስር ከሚታሰረው ፈሳሽ ከተሞላ ጌጅ ይሻለኛል፤ እሱ ሲግል ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል።

ግፊቱ ሳይነቃነቅ ጉልበት ከጠፋ ካንዴላና ቦቢና ይፈተሹ። የተደፈነ ኢንጀክተርንም ይህ ጌጅ አያይም። ዳይሬክት ኢንጀክሽን ያላት፣ ማለትም ነዳጁ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጭላት መኪና ላይ ደግሞ ከታንክ እስከ ከፍተኛ ግፊት ፓምፑ ባለው መስመር ላይ ብቻ ነው የሚታሰረው። ከዚያ ወዲያ ግፊቱ ከ100 ባር በላይ ስለሚደርስ ይህ ሴንሰር አይችለውም።