ከፒያሳ የገዛኋት ሚጢጢ ፓወር ዲቫይደር

ለ2.4 ጊጋኸርዝ አንቴናዎቼ ፒያሳ ካለ ሱቅ ዊልኪንሰን ፓወር ዲቫይደር፣ ማለትም አንዱን ሲግናል ለሁለት መውጫዎች እኩል የምታካፍል ቦርድ፣ ገዛሁ። ቦርዷ ከክብሪት ቀፎ አትበልጥም፣ በጣም ወድጃታለሁ። ሲግናሉን የሚያካፍሉት ሁለት መስመሮች እያንዳንዳቸው ሩብ የሞገድ ርዝመት መሆን አለባቸው፤ ይህም በኤፍአር4 (በተለመደው የፋይበርግላስ ቦርድ) ላይ ወደ 17 ሚሊሜትር ይመጣል፤ እዚህ ግን ሁለቱን ባለ 70.7 ኦም መስመሮች እንደ እባብ አጣጥፈው ቦታ ቆጥበዋል፣ በእጥፋቶቹ መካከልም በቂ ክፍተት ትተዋል፣ ያለዚያ ሲግናሉ ካንዱ እጥፋት ወደ ሌላው እየዘለለ የምትሠራበት ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ካሰቡት ቦታ ይሸሻል። ያናደደችኝ ሬዚስተሯ ናት። በሁለቱ መውጫዎች መካከል 100 ኦም ያስፈልጋል፣ ማለትም ላይዋ ላይ 101 መጻፍ ነበረበት (የመጨረሻው አሃዝ የዜሮዎቹ ብዛት ነው፦ 10 እና አንድ ዜሮ)። የኔዋ 102 ትላለች። 1000 ኦም! ዲቫይደሯ ኃይሉን እኩል ታካፍላለች፣ ግን አንዱ መውጫ ሌላውን ይረብሸዋል። መልሼ ስወስዳት ባለሱቁ ሳያንገራግር ሬዚስተሯን እዚያው በካውያ ቀየረልኝ። ስትገዙ የሬዚስተሯን ቁጥር እዩ።