ለአይሱዙዬ የደረሰችለትን የመድን ወኪል ላመስግን

ደሴና ኮምቦልቻ መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ ይህቺን ጽሁፍ ያዙልኝ። ስለ አንዲት የመድን ወኪል ነው የምጽፈው። የምትሠራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ለባለጉዳይ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ካላንደር፤ ሌላ ነገር የላትም። ስሟን እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች። «ከለጠፉት ነገ በሬ የፍርድ ቤት በር ነው የሚመስለው» አለችኝ። እሺ ብያለሁ። ማመስገኑን ግን አልከለከለችኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲሚንቶና ብረት የሚያመላልስ አይሱዙ አለኝ። ሹፌሬ ጨዋ ልጅ ነው። ሐረጎ ላይ ትራፊክ አስቆመው። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር)፣ ቦሎ (የዓመታዊ ምርመራ ምልክት)፣ ኢንሹራንስ፤ የተለመደው ጥያቄ ነው። ትራፊኩ የኢንሹራንሱን ወረቀት ከታርጋው ጋር ሲያስተያየው አልገጠመም። 3 መሆን የነበረበት ቁጥር ወረቀቱ ላይ 8 ተብሎ ተመቷል። «ይሄ የሌላ መኪና ነው፤ ይሄኛው ኢንሹራንስ የለውም» አለና ከሰሰው። መንጃ ፈቃዱን ያዘበት። በትራፊኩ አልፈርድም፤ ያየውን ነው የጻፈው።

ልጁ ደውሎ «ጋሼ፣ ያለ ኢንሹራንስ ነዳህ ተባልኩ» ሲለኝ ደሜ ፈላ። አረቦኑ (የመድኑ ክፍያ) በጊዜው ተከፍሏል፤ ደረሰኙም አለ። ያንኑ ዕለት ውሉን ወደጻፈልኝ ቢሮ ሄድኩ። የቢሮውን ስም አልጠራም። መልሳቸውን ግን ባለጉዳይ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሲስተም የለም። የጻፈችው ልጅ ዓመት ፈቃድ ላይ ናት። ዋናው መሥሪያ ቤት መፍቀድ አለበት። ሰኞ ብቅ ይበሉ። ሰኞ ስሄድ ደግሞ ሐሙስ ብቅ ይበሉ።

በመሀል መካሪ በዛ። አንዱ «ምን ትለፋለህ፣ ዛሬውኑ አዲስ ግዛና አሳያቸው» አለኝ። ሌላው ጠጋ ብሎ «ለሻይ የምትሆን ነገር ካለህ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። የሻይዋን ዋጋ ሲነግረኝ ግን ቅጣቱን መክፈል ይሻላል አልኩ። በመጨረሻ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ወዳጄ እጄን ይዞ እሷ ዘንድ ወሰደኝ።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ደስ አለኝ። አላወራችም። ሊብሬውንና የኢንሹራንሱን ሰርተፊኬት ጎን ለጎን ዘረጋች። ማስመሪያ አወጣችና ከመስመሩ ሥር እያደረገች፣ በብዕሯ ጫፍ እየነካች ታነብ ጀመር። የሻንሲ ቁጥር (የመኪናው አጽም ላይ የተመታው)፣ ፊደል በፊደል፤ ልክ ነው። የሞተር ቁጥር፤ ልክ ነው። የባለንብረት ስም ከነአያቱ፤ ልክ ነው። ታርጋው ላይ ስትደርስ ብዕሩ ቆመ። ከዚያ ደረሰኙን ጠየቀችኝና ቀኑን አየች። ክሱ ከተጻፈበት ቀን በፊት ነው የተከፈለው።

«አብሽሩ ጋሼ» አለችኝ። «ኢንሹራንስ አለዎት። የተበላሸው ወረቀቱ ነው።»

ያ ሰውዬ አዲስ ግዛ ያለኝን ስነግራት ራሷን ያዘች። አዲስ ውል የሚጸናው ከተገዛበት ዕለት ጀምሮ ነው። ያንን ይዤ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ብገባ ኖሮ፣ በተከሰስኩበት ቀን ኢንሹራንስ አልነበረኝም ብዬ በገዛ እጄ መመስከሬ ነበር። የሚያስፈልገኝ የእርማት ደብዳቤ ነው። ታርጋው የተስተካከለበት፣ ሻንሲና ሞተር ቁጥሩን የሚጠቅስ፣ ውሉም መጀመሪያ ከተገባበት ቀን አንስቶ የጸና መሆኑን የሚናገር። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሌለች ደብዳቤው ዋጋ የለውም አለችኝ።

ማመልከቻውን እዚያው ቁጭ ብላ በእጇ ጻፈችው። የሊብሬ ኮፒ፣ የሰርተፊኬቱ ኮፒ፣ የአረቦን ደረሰኝና የክሱን ወረቀት አያያዘችበት። ከዚያም ተነስታ አብራኝ ሄደች። ልብ በሉ፣ ውሉን የሸጠችልኝ እሷ አይደለችም። ሥራዋም አልነበረም። ያን ቀን ሲስተም ነበር። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሲሰጡን አነበበችውና መለሰችው፤ ውሉ የጸናበት ቀን አልተጻፈበትም። «ይቺን ይጨምሩልን» አለች፣ ረጋ ብላ። ኃላፊው ትንሽ አጉረመረመ። እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ተጨመረ።

ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ስንደርስ ኃላፊው ደብዳቤውን ብቻ አይቶ አላመነም፤ ልክ ነው፣ ማመን የለበትም። አንድ ባልደረባውን አስከትሎ መኪናው ድረስ ወጣ። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ጭቃ ውጦት ነበር። በጨርቅ ጠርጎ፣ በስልኩ መብራት እያየ፣ አንዱ እያነበበ ሌላው ከወረቀቱ ጋር እያመሳከረ ጨረሱት። ገጠመ። ክሱ ተነሳ፤ ልጁም መንጃ ፈቃዱን ተቀበለ።

ሂሳብ ስጠይቃት ለኮፒ ያወጣችውን ብቻ ተቀበለችኝ። «እኔ ኮሚሽን የማገኘው ውል ስሸጥ ነው። ይሄ ውል አይደለም» አለች። ዘንድሮ እንዲህ የሚል ሰው ይገኛል?

ግን እሷን የወደድኳት በዚህ ብቻ አይደለም። ማመልከቻዬን እየጻፈች ሳለ አንድ ሰውዬ ገባ። የሱ ኢንሹራንስ እውነትም ጊዜው አልፎበታል። ተከሷል። ውሉን ከክሱ በፊት ባለ ቀን አድርጋ እንድትጽፍለት ለመናት፤ ከዚያ ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ብሩን በማስመሪያዋ ወደሱ ገፋችው። «ቀን ወደ ኋላ አልጽፍም። ቅጣቱን ይክፈሉ። ዛሬ ይግዙ። እስኪገዙ ድረስ መኪናዋን ካቆሙበት አያንቀሳቅሷት።» ሰውዬው ተቆጥቶ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሊብሬውን ይዞ ተመለሰ። አልሳቀችበትም። ሻይ አዘዘችለት።

ያን ዕለት ስንጠብቅ ብዙ አወራችኝ፤ ወሬ ትወዳለች። የሦስተኛ ወገን መድን ለሁሉም መኪና ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ነው፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ብዙዎቻችን ለትራፊክ ማሳያ፣ ለቦሎ ማውጫ ብለን ነው የምንገዛው። እሷ እንዲህ ሲባል ትናደዳለች። መድኑ የናንተን መኪና አይጠግንም፤ እሱን የሚጠግነው ሙሉ ዋስትና ነው። ሦስተኛ ወገን የሚባለው ለገጫችሁት ሰው ነው። በአዋጅ 799 መሠረት በመኪና የተገጨ ሰው የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ገጪው ካመለጠ ወይም ኢንሹራንስ ከሌለው ለተጎጂው የሚክስ የመድን ፈንድ አለ። ኢንሹራንስ የሌለው ባለመኪና በዚህ ተረፍኩ እንዳይል፤ ፈንዱ የከፈለውን ከሱ መልሶ ይጠይቃል።

ሐረጎን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ያውም በጥምዝምዝ። ጭነት የያዘ መኪና ፍሬኑ ግሎ ሲሸት መንገደኛው ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል። ጠዋት ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ከፊት ያለው የመኪና ጭራ እንኳ አይታይም። እዚያ መንገድ ላይ ያለ መድን መንዳት የሰው ሕይወት ላይ ቁማር መጫወት ነው ትላለች። እኔም አልከራከራትም።

እንከን የላትም ወይ? አላት። ስልክ አታነሳም። ብትደውሉም ባትደውሉም አንድ ነው፤ በአካል ሂዱ። አስተያየቷም መረር ይላል። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ስሄድ «ይሄ እኮ የሱቅ ዱቤ አይደለም» ብላ ገሥጻኛለች፤ እናቴ ያለችኝ ነበር የመሰለኝ።

የምትሄዱ ከሆነ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። አርብ ከጁምዓ በፊትና በኋላ ያለውን ሰዓት ተዉት። ሰኞም ገበያ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው፤ ከገጠር የመጣው ባለመኪና ሁሉ እዚያው ነው። ዋናውን ሊብሬ ያዙ፣ ኮፒ ብቻ ይዞ የመጣን አታስተናግድም። ደረሰኛችሁን አትጣሉ። አዲስ ውል ስትገቡ ደግሞ ከቢሮው ሳትወጡ ታርጋውን፣ ሻንሲውንና ሞተሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ የሚፈጀው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ሹፌራችሁ ስልክ ላይ አስቀምጡለት፤ እኔ አሁን እንዲያ አድርጌያለሁ።

እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ፣ ሥራሽን ይባርክልሽ። ሹፌሬም ሰላም ብሎሻል፤ ቀጣዩን ውል ካንቺ ነው የምንገዛው።

ቦታዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አመላክታችኋለሁ። በእኔ በኩል ነው የመጣሁት ብላችሁ ቅናሽ አትጠይቋት። ወዳጄ ሞክሮ ሳቀችበት።