የሞተር ዘይት የተቀየረላት ኤሌክትሪክ መኪና

ደረሰኙ እንዲህ ይላል፦ የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይት፣ የእጅ ዋጋ። መኪናዬ ቢዋይዲ ሲጋል ናት። ኤሌክትሪክ ናት። የሞተር ዘይት የሚሞላበት ቦታ የላትም። ፊልትሮማ ከየት መጥቶ!

ከገዛኋት ወራት አልፈዋል። ስለ ቻርጇ፣ ስለ ወንበሯ፣ ስለዚያ ቻይንኛ ብቻ ስለሚያወራው ስክሪኗ ልጽፍ አስቤ ነበር። ይሄ አንድ ሰርቪስ ግን ሌላውን ሁሉ አስረሳኝ።

ለማያውቃት ባጭሩ፦ የእኔዋ ባለ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ናት። አምራቾቹ በቻይና መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላሉ። እኔ የምነዳው ደሴ ነው፤ ዳገት ወጥቼ ሳልጨርስ ቁልቁለት ይጀምራል። ያንን ቁጥር አይቼው አላውቅም፣ ቅርም አላለኝም። ማታ እሰካታለሁ፣ ጠዋት እነዳታለሁ። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ሲከለከል ብዙ ሰው አማርሯል፤ እኔ የማደያ ሰልፍ ስለቀረልኝ አላማረርኩም።

የገረመኝ ቁልቁለቱ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት ይዞ ሲወረድ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል። እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ እየያዘም ወደ ባትሪው ኃይል ይመልሳል። ኮምቦልቻ ስደርስ ቻርጁ ከቤት ስወጣ ከነበረው እምብዛም አይጎድልም፤ አንዳንዴ ጭራሽ ጨምሮ አገኘዋለሁ። ቁልቁለት ሲከፍል ያየሁት በዚህች መኪና ነው።

ግን አንድ ነገር አለ። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚመለሰው ኃይል መግቢያ ያጣል። ያኔ ሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፤ ሥራው በሙሉ የእግር ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ደሴ ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ወደ ሐረጎ ለሚወርድ ሰው ይህ ትንሽ ወሬ አይደለም። ሻጩ የነገረኝ ግን "ሁሌ ሙሉ አድርጊያት፣ ሐሳብ የለብሽም" ብቻ ነው። አሁን ቁልቁለት ካለብኝ ዘጠና ላይ እነቅላታለሁ።

ወደ ሰርቪሱ ልመለስ። ዋስትናውን የሚሰጠው ሻጩ ነው፤ ውሉ ላይም "በድርጅቱ ጋራዥ ሰርቪስ ካልተደረገ ዋስትናው ይቋረጣል" ይላል። ስለዚህ ወሰድኳት። "ገብተሽ ማየት አይቻልም፣ ለደኅንነትሽ ነው" ተብዬ ውጭ ቡና ጠጣሁ። ከፈልኩ። ደረሰኙን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በሌላ ቀን ሐረጎን ስወርድ ፍሬኑ ለሰለሰብኝ። ስረግጠው ይሰምጣል፤ ደጋግሜ ሳፓምፕ ይመለሳል። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ እስኪበርድ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ስመለስ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ ሜካኒክ ጋ ወሰድኳት። የፍሬን ዘይቱን ክዳን ከፈተና ሳቀ። ዘይቱ ጠቁሯል። እንደ እስክሪብቶ ያለች የእርጥበት መለኪያ ነከረበት፤ ቀይ በራች። ዘይቱ ሲቀየር የሚፈቱት፣ በየጎማው ያሉ የፍሬን አየር ማውጫ ብሎኖች ላይ ደግሞ አቧራው እንዳለ ነው። "እህት ዓለም፣ ይሄን ማንም አልነካውም" አለኝ።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከገባበት ግን ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉም ባዶ ይረገጣል። መኪናዋ "ዜሮ ዜሮ" ተብላ ብትሸጥልኝም ተሠርታ ብዙ ቆማለች፤ ዘይቱን መቀየር ያስፈልጋል ያሉት እነሱ ራሳቸው ናቸው። ብሩንም ተቀብለዋል!

ያን ቀን ማታ ነው ደረሰኙን አውጥቼ በወጉ ያነበብኩት። የሞተር ዘይት!

ስልክ ደወልኩ። "አብሽሪ እህቴ፣ ትንሽ ስትነጂያት ትለምጃታለሽ።" ሄድኩ። "ባለቤትሽን ብትልኪልን በቀላሉ እናስረዳው ነበር።" መኪናዋ በእኔ ስም ናት፤ ባለቤቴ መንጃ ፈቃድም የለው። ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ሥራ አስኪያጁ አየው፣ አየው፣ "ይሄ የጊርቦክስ ዘይት ለማለት ነው" አለ። እሺ፣ የጊርቦክስ ዘይት አላት። ፊልትሮውስ? "ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው የሚያወጣው።" ገንዘቡንስ ኮምፒዩተሩ ነው የወሰደው?

ከዚያ ፊቱን አጠቆረና "ውጭ ሜካኒክ ስላስነካሻት ዋስትናው ቀርቷል" አለ። ውሉን አወጣሁ። ውሉ የሚለው ሌላ ቦታ ስለሚደረግ ሰርቪስ ነው፤ ክዳን ከፍቶ ማየት ሰርቪስ አይደለም። ዝም አለ።

እኔ ጩኸት አልወድም። አቤቱታዬን በጽሑፍ አዘጋጀሁ፤ ምን እንደከፈልኩ፣ ምን እንዳልተሠራ፣ ምን እንደምፈልግ። ሁለት ቅጂ አድርጌ አንዱ ላይ "ተቀብያለሁ" አስብዬ ከነቀኑ አስፈረምኩ። በወረቀቱ ላይ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ጠቀስኩ። አዋጁ ሸማቹን አሳሳች መረጃ መስጠትን ይከለክላል፤ ለደረሰ ጉዳትም ካሳ መጠየቅን ይፈቅዳል። ግልባጭ ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ ብዬ ጻፍኩበት። እውነቱን ለመናገር ያስደነገጣቸው አዋጁ አይመስለኝም። በማሽን የተቆረጠ ደረሰኝ ላይ ያልተሸጠ ዕቃ መኖሩ ነው። "ይሄን ገቢዎች ቢያየው ምን ይላል?" ስላቸው አስተናጋጇን ጠርተው ሻይ አስመጡልኝ።

ሻዩ መካከል ላይ ስምምነት ተደረገ። የዘይቱና የፊልትሮው ገንዘብ ተመለሰልኝ። የፍሬን ዘይቱ እኔ ቆሜ እያየሁ ተቀየረ፤ ከአራቱም ጎማ ጥቁሩ ወጥቶ ንጹሑ እስኪመጣ ድረስ። የሰርቪስ ደብተሩ ላይ የተሠራው በአማርኛ ተጻፈልኝ፣ ዋስትናው እንደሚቀጥልም ተፈረመልኝ። የእጅ ዋጋውን አንመልስም አሉ። ለእሱ ሌላ ወረቀት መጻፍ ስለሰለቸኝ ተውኩት፤ አሁንም ግን ሳስበው ያንገበግበኛል።

"ኤሌክትሪክ መኪና እኮ ሰርቪስ አያስፈልጋትም" የምትሉ ሻጮች፣ ፍሬን አላት፣ ጎማ አላት፣ የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አላት። የማያስፈልጋትን ዘይት ማስከፈል የቻለ ሰው የሚያስፈልጋትን መቀየር አያቅተውም።

መኪናዋን ዛሬም ቢሆን እገዛታለሁ። ከዚያ ሰውዬ ግን የቁልፍ መያዣም አልገዛ። ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በየሰርቪሱ ምን ምን እንደሚሠራ በወረቀት ጠይቁ፤ "የሞተር ዘይት" የሚል ካለበት ውጡ።

የሆዷ ሽፋን ደግሞ ኮረኮንች ላይ ይንቀጫቀጫል። እዚያው ጋራዥ ሲፈቱት ሁለት ብሎን ሳይመልሱ ቀርተዋል። ደውዬ ነገርኳቸው፤ "ከአዲስ አበባ እናስመጣለን" ብለውኛል። ብሎን!